ከኋላው በር ፊት

አጎቴ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ቡፎርድ ሃይዌይ በሚባል ጎዳና ላይ፣ አዳራሽ ያከራዩ ነበር። ከአውሮፓ የመጡ፣ ሮማ የተባለው በየአገሩ የሚገፋ ብሔረሰብ ወጣቶችን የባህል ዝግጅት ማሰናዳት ሲያስተምሩ ከመድረኩ አልጀመሩም። ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ከኋላው በር ፊት ያሉትን ወንበሮች እየጎተቱ አነሱና «መጀመሪያ መውጫው» አሉ።

«አንክል፣ ገና ማንም አልገባም እኮ» ብላ ሳቀች ሚሬላ፣ ከሰልጣኞቹ አንዷ።

«ሰው ከገባማ በኋላ ወንበሩን ማን ያነሳዋል?»

በዝግጅቱ ዕለት፣ በአኮርዲዮን የታጀበው ጭፈራ ሲደምቅ፣ የብረት ዘንግ የያዙ ሰዎች የፊቱን መስታወት ሰብረው ገቡ። «እነዚህን ሌቦች ከሰፈራችን አስወጡ» ይሉ ነበር። አንዱ አኮርዲዮኑን ነጥቆ ከወለሉ ጋር አላተመው። ሌላው ተጫዋቹን ልጅ በብረት አፉ ላይ መታውና ጥርሱን አረገፈው። አጎቴ ወንበር አንስተው መሃል ገቡ። ክንዳቸው ሲሰበር ድምፁን ሰምቻለሁ። እሳቸው ግን «በኋላ በር! በኋላ በር!» እያሉ ይጮሁ ነበር። ሚሬላ ሕፃናቱንና አሮጊቶቹን በዚያ ባዶ ቦታ እየገፋች አስወጣቻቸው። አንድም ሰው አልተረገጠም።

ክንዳቸው ድኖ ነበር፤ በኋላ የወሰዳቸው የልብ ሕመም ነው።

አርባቸው በዚያው አዳራሽ ወጣ። ሰው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። አንድ ሽማግሌ ዘመዳችን ቆሜ አይተውኝ ወንበር አመጡና ከኋላው በር ፊት አስቀመጡልኝ።

«ቁጭ በል እንጂ ልጄ፣ ባለ ሐዘን ቆሞ አይውልም።»

ይህን ጊዜ ሚሬላ መጣች። ወንበሩን አንስታ ይዛው ሄደች።

እኔም ከበሩ ጎን ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ፤ ቦታው ባዶውን ዋለ።