በሐምሌ ውሃ የማይጠጣው ተክል

እናቴ ከውርጌሳ የተመለሰችው ለአትክልቷ ብላ ነው ወይስ ለእኔ? ይኸው እስካሁን መልሱን አላገኘሁትም።

ጦርነቱ ወደ መርሳ የቀረበ ዕለት ገና ሳይነጋ ወጣን። ወደ ደሴ በእግራችን ስንጓዝ ጉልበቷን እያመማት ሰዉ ሁሉ እየቀደመን ያልፋል። ውርጌሳ ስንደርስ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና፣

«ውይ! ዛሬ እኮ የመስኖ ተራችን ነው» አለች።

«እማ፣ በዚህ ቀን ማን ተራ ይጠብቃል?»

«እና ዳማከሴዬ በውሃ ጥም ይሙት? አጠጥቼ እደርስብሻለሁ ኢንሻአላህ። አንቺ ሂጂ።»

ተከራከርኩ፤ እሷን ማን ይረታል! ከዚያ መንገዱም ስልኩም ተዘጋ። ሲከፈት ጎረቤቶቻችን ታማ ማረፏን ነገሩኝ። ጓሮው ግን ለምልሞ ነበር አሉ።

በኋላ ዲቪ ደርሶኝ ካሊፎርኒያ መጣሁና ሚስስ ዶሎረስ ከሚባሉ አሮጊት ቤት አንድ ክፍል ተከራየሁ። ግቢያቸው ሣር የለውም፤ ጠጠርና ሴጅ የሚሉት ቅጠለ አመድማ ቁጥቋጦ፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ የሎሚ ዛፍ ብቻ። ቅጠሉን በጣቴ አሸት አድርጌ ባሸተው ዳማከሴን አስታወሰኝ። አይደለም፤ የሴጁ ይበረታል፣ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ቢሆንም ወደድኩት፤ ከሥራ ስገባ ሰላም ሳልለው አላልፍም።

እዚህ ዝናቡ በብርዱ ወራት ነው። ሐምሌ ገባ፣ ደመና የለም። ሴጁ ቅጠሉን ሲያኮማትር አላስቻለኝም፤ ማለዳ ማለዳ አጠጣሁት። ይባስ ብሎ ጠወለገ። አንድ ጠዋት ሚስስ ዶሎረስ የውሃ ጎማውን እንደያዝኩ ደረሱብኝ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጠምቶት ነው።»

«አልጠማውም፣ ተኝቷል! የዚህ አገር ተክል በብርዱ የጠጣው ይበቃዋል። በሙቀት ስታጠጪው ሥሩ ይበሰብሳል።»

ነቅለው አሳዩኝ፤ ሥሩ ጠቁሯል። በእኛ አገር ሰው የሚከሰሰው ውሃ ሰርቆ ነው፤ እኔ ሰጥቼ ተከሰስኩ።

«ለመሆኑ እንዲህ ማጠጣት ማን አስተማረሽ?»

«እናቴ» አልኩ። ከዚያ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን፣ ከመጽሐፍ በለቀምኳት እንግሊዝኛዬ፣ ውርጌሳን፣ ድንጋዩን፣ ጉልበቷን ነገርኳቸው።

«እኔን እንዳታዘገየኝ ብላ ይሆን የተመለሰችው?»

ሚስስ ዶሎረስ ጎማውን ከነእጄ ይዘው ወደ ሎሚው ዛፍ አዞሩት።

«ይኼኛው ይጠጣል» አሉኝ።