ከየኔታ ጋር የታሰረው ሰባኪ

የያዙኝ መካኒሳ ካለው ቤቴ በር ላይ ነው፤ ጠዋት ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ልሄድ ስወጣ። ምክንያቱ በመምህራን ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነገር ነበር። ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ተቃርበው ነበር፤ ወቅቱ የክረምት መግቢያ ነው። ነፋስ ስልክ አካባቢ ወዳለ ጣቢያ ወስደው ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ። ግድግዳውን የነካ እጅ ዱቄት ይዞ ይመለሳል። ዝናብ ሲጥል ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሳ መደማመጥ አይቻልም።

መጀመሪያ የሰማሁት ክርክር ነው።

አንደኛው ተከራካሪ መሪጌታ ናቸው፤ ሁሉም የኔታ ይላቸዋል። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ ደብራቸው መሬት ተነስተው በመናገራቸው ነው የታሰሩት። ሌላው ቤት ቀለም የሚቀባ ወጣት ጴንጤ ነው። ሀና ማርያም በነገሠችበት ቀን ከደጇ ቆሞ ሲሰብክ ጠብ ተነሳና እሱን ይዘው መጡ። ጥፍሩ ሥር የገባው ሰማያዊ ቀለም ገና አልለቀቀም።

"ጌታን ይቀበሉ የኔታ" ይላቸዋል።

"በአርባ ቀኔ ተቀብያለሁ።"

"ያኔማ ታቅፈው ነው የሄዱት፤ መቼ መረጡ?"

"አንተስ እናትህን መርጠህ ነው የተወለድከው?"

እኔ በዚያ ዘመን ለአንዱም እምነት ቅርብ አልነበርኩም። ግን ክርክራቸውን እንደ ሬዲዮ እጠብቀው ጀመር። ረቡዕና ዓርብ ሰባኪው ከቤት የመጣለትን የሥጋ ወጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይበላል፤ የኔታ ጾመኛ ናቸዋ። እሳቸውም እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ ሳላቸውን እንኳ በነጠላቸው አፍነው ይይዙታል።

አንድ ረፋድ ላይ ሰባኪውን ጠሩት። ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል። ሚስቱ ሴት ልጅ ወልዳለች። አዛዡም በሰፈር ሽማግሌዎች ፊት "ከእንግዲህ አልሰብክም" ካልክ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ ብሎታል። እስከ ከሰዓት እንዲያስብበት ጊዜ ሰጥተውታል።

"በላ እንግዲህ! ቃል ነው፤ ምን አለበት?" አልኩት።

እሱ ግን የሚያየው የኔታን ነው። የኔታ ወደ እሱ ዞሩ።

"ልጄ፣ እውነት እኔ የጠፋሁ ሰው ነኝ ብለህ ታምናለህ?"

አንገቱን ደፋ። "አዎ የኔታ። አልደብቅዎትም። ዝም ብል በእርስዎ የምጠየቅ ይመስለኛል።"

"አያስደስተኝም" አሉ። "ደጃችን ድረስ መጥተህ መጮህህ አሁንም ያበግነኛል። ግን ሰው ገደል ሊገባ ነው ብለህ እያመንክ ዝም እላለሁ ብትል፣ ለዚያች ልጅ ምን ዓይነት አባት ልትሆናት ነው?"

ሰባኪው ቀና አለና "እርስዎስ ለምን አይሰብኩኝም? እኔም ለእርስዎ የጠፋሁ ነኝ" አላቸው።

"አንተማ ከቤት የወጣህ ልጅ ነህ። ከቤት የወጣ ልጅ ደግሞ በሩ ሳይዘጋበት ይጠበቃል። በየጠዋቱ በጸሎቴ ስምህን አነሳለሁ። ለእኔ ስብከት እሱ ነው።"

ይህን አያውቅም ነበር። እኔም አላውቅም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ከሰዓት በኋላ አዛዡ ያነጋገረው በራችን ፊት ለፊት ካለው በረንዳ ላይ ስለነበር ሁሉንም ሰማን።

"በበዓላቸው ቀን ደጃቸው ሄጄ አልጮህም" አለ ሰባኪው። "ይህን የምለው ስላዘዛችሁኝ አይደለም፤ ስለገባኝ ነው። አልሰብክም ግን አልልም።"

አዛዡ ሳቀ። "እንግዲያው ልጅህን ስትድህ ትደርስባታለህ።"

መልሰው ሲያስገቡት እግሩን እየጎተተ ነው። የኔታን ሪህ ጉልበታቸውን ይዟቸው ስለነበር ለሽንት እንኳ ሁለት ሆነን ነበር የምናነሳቸው። ያን ቀን ግን ማንንም ሳይጠሩ ግድግዳውን ይዘው ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ኖር!" አሉት።

በዕድሜ ልጃቸው ለሚሆን ሰው፣ ያውም ጠፍተዋል ለሚላቸው።

"በእግዜር የኔታ፣ በእግዜር! ኧረ ይቀመጡ" አለ። እሱ እስኪቀመጥ አልተቀመጡም። እኛም ሁላችን ቆመን ነበር።

እኔ ቀድሜያቸው ተፈታሁ። ከዓመታት በኋላ ሰባኪውን መካኒሳ ታክሲ ሲጠብቅ አገኘሁት፤ ትከሻው የደረሰች ልጅ አብራው ቆማለች። የኔታ ማረፋቸውን የነገረኝ እሱ ነው። እሱ ቀብራቸው ላይ ተገኝቶ ነበር።

"ያን ሁሉ ሕዝብ አግኝተህ ሳትሰብክ ቀረህ?" አልኩት፤ ልቀልድበት ብዬ።

"አካፋ ተቀብዬ አፈር ስመልስ ነበር" አለኝ።

አሁንም መካኒሳ ነው የምኖረው። እስር ቤት ናፈቀኝ ብል ሰው ይስቅብኛል፤ ስለዚህ ለማንም አልተናገርኩም። እሁድ ጠዋት በአንድ በኩል ቅዳሴው፣ በሌላ በኩል መዝሙሩ በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። ጎረቤቶቼ ጫጫታው በዛ ብለው ይማረራሉ። እኔ ቁርሴን አቆይቼ ሁለቱንም አዳምጣለሁ።