የጥሩነሽ ሞክሼ

ደብረ ማርቆስ ስልክ ቤት የገባሁት በንጉሡ ዘመን፣ ስምንተኛ ክፍልን እንደ ጨረስኩ ነው። በመጀመሪያው ቀን ኃላፊያችን አቶ ጌታሁን ማዳመጫውን ራሴ ላይ አጠለቁልኝና፣ «ድምፅሽን ከፍ፣ ንግግርሽን አጠር አድርጊ» አሉኝ። ገመዶቹ የት የት እንደሚሰኩ ያሳዩኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ያኔ ስልክ ያለው ቤት ጥቂት ነበር። ከአዲስ አበባ ሲደወል ተላላኪያችን ሙጬ ሰውየውን ከቤቱ ይጠራል። ጥሪ የሚጠብቅ ሰው ቀድሞ ስሙንና ሰፈሩን ይነግረናል፤ እኛ በካርድ ጽፈን በፊደል ተራ ሳጥን ውስጥ እናኖራለን። የአቶ ጌታሁን ደንብ ለአንድ ስም አንድ ካርድ ነው። ያው ስም ዳግም ከመጣ አሮጌው ይወጣል።

«ሰው ሰፈር ይቀይራላ!» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ ደውሎ እናቱን፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ አየለን ፈለገ። ሙጬ ካርዱ ላይ ወዳለው ሰፈር ሄዶ ይዟቸው መጣ። መነጋገሪያውን ተቀበሉ። እኔም መስመሩ ላይ ነበርኩ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። አለሁ። ታምሜ ሆስፒታል ከርሜ ነው።»

ሴትዮዋ፣ «የኔ ጌታ፣ እኔ እንኳ ልጅ አልወለድኩም» አሉት። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ፦ «የሞክሼዬ ልጅ ነው! ከገበያው ጀርባ ያለችው ጥሩነሽ አየለ። ልጄ ሞቷል ብላ እያለቀሰች ነው የከረመችው።»

የእናትየው ካርድ እኚህ ሲመዘገቡ ወጥቶ ኖሯል። ሙጬ ሮጠ።

አቶ ጌታሁን፣ «መስመሩ ይፈለጋል፤ ቁረጪው» አሉኝ።

«ከተቆረጠ ዛሬ መልሰን አናገኘውም» አልኩ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ መነጋገሪያውን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። «አይቆረጥም! እናቱ እስክትመጣ እኔ አጫውተዋለሁ።»

ምን እንደሚበላ፣ ማን እንዳስታመመው፣ ጋቢ ይኑረው አይኑረው ጠየቁት። ልጁ ሁሉንም መለሰ፤ አንድ ጊዜም አብረው ሳቁ። አቶ ጌታሁን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ቁረጪ ያለኝ የለም።

እናትየው እጇ ላይ ጌሾ እንደ ተለጠፈ ደረሰች። ሞክሼዋ መነጋገሪያውን ጆሮዋ ላይ አቆዩላት።

በማግስቱ አቶ ጌታሁን ራሳቸው ሳጥኑን አደራጁት። የአንድ ስም ካርዶች በሙሉ ስሙ ከተጻፈበት አንድ ወፍራም ወረቀት ጀርባ አብረው ተቀመጡ፤ በያንዳንዱ ላይ ሰፈርና ሥራ ተጻፈ። ደዋዩ ሰፈሩን ካላወቀ ሙጬ ሁሉንም ይጠራል። በላይ የሚባሉት ሞክሼዎች፣ የይጁቤው ተወላጅም የቁዩውም፣ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ሲቀላለዱ ዛሬም ይታየኛል፤ ይናፍቀኛል።

ዛሬም የሰው ስም ለሚመዘግቡ የሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይኼን ነው፦ ሞክሼ ሲመጣ የፊተኛውን አታውጡ። አንድ ላይ አኑሯቸውና የትኛው እንደ ተፈለገ ጠይቁ።