ሽንት የሚያመልጠው መስሎኝ

እናቴ ስትሞት አባቴን ከሰፈራ መንደሩ አውጥቼ አሶሳ ከተማ ወዳለው ቤቴ አመጣሁት። በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥቶ፣ ጫካ መንጥሮ፣ ማሽላና ሰሊጥ እያመረተ ያሳደገን ሰው ነው። ከተማው ብዙም አልጣመውም። ደግነቱ አንድ የቆየ ወዳጅ ነበረው፤ ከመንጌ መጥቶ አሶሳ የሚኖር፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው፣ ማንጎ ነጋዴ። ሁለቱ ከሰፈራው የመጀመሪያ ዓመታት ጀምሮ የሚተዋወቁ ናቸው። ሰውየው በየቀኑ ወደ ማምሻው፣ ከአስር ሶላት በኋላ ይመጣና ደጃፋችን ላይ ቁጭ ብለው ይጫወታሉ።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ሳይንስ ነው የማስተምረው። ኩላሊትን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስዬ ለልጆች የማስረዳ ሰው ነኝ። ይህን የምጽፈው እፍረቴን መሸፈን ስላልፈለግሁ ነው።

መጀመሪያ የታየኝ ሽርጡ ነው። ሳጥበው የሽንት ሽታ ሸተተኝ። እንዳላሳፍረው ብዬ ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ፍራሹም ይረጥብ ጀመር። እርጅና ነው፣ ያመልጠዋል አልኩ በልቤ። ፍራሹ ላይ ላስቲክ አነጠፍኩ። ከዚያም አልፌ፣ ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ የውሃ ጆጉን ከአጠገቡ እያነሳሁ ማድቤት እወስደው ጀመር። ካልጠጣ አያመልጠውም ብዬ ነው። አባቴ ጆጉን ስወስድ በዓይኑ ይከተለኝ ነበር።

ከዚያ መስጊድ መሄድ ተወ። ጁምዓ እንኳ ቀረ። ስጠይቀው «እግሬን አሞኝ ነው» አለኝ። ምግብ አስጠላው፤ ያቅለሸልሸዋል። ቀኑን ሙሉ ወንበሩ ላይ ያንቀላፋል። እኛ አገር እንዲህ የሆነ ሰው ወባ ነው የሚባለው፤ ወስጄ አስመረመርኩት። ወባ የለበትም ተባለ። እፎይ ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ስለ ሽርጡ ለመርማሪው አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወዳጁ መጣና ወደ ውስጥ ሳይገባ በር ላይ ጠራኝ።

«ቢንቲ፣ ልጄ፣ ስማኝ» አለ። እኔን ሴቷን እንደ ወንድ ማናገሩን ከልጅነቴ ጀምሮ ለምጄዋለሁ፤ አማርኛ የአፍ መፍቻው አይደለም። «አባትህ አይበላም፣ አይደል?»

«አዎ፣ አስጠልቶታል።»

«አይበላም። ሆዱ ለምን ይሞላል? ትናንት ደግፌ ሳነሳው ነካሁ። ድንጋይ ነው፣ ወላሂ። እዚህ ጋ።» እጁን ከራሱ እምብርት በታች አሳረፈ።

ተያይዘን ገባን። አባቴ አንቀላፍቶ ነበር። «አባዬ፣ ሆድህን ልየው» ስለው «ተይ አንቺ ልጅ!» ብሎ ሽርጡን ሰበሰበ። ወዳጁ ጆሮው ላይ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር አንሾካሾከለት። ያኔ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ሽርጡን ለቀቀልኝ።

ክው አልኩ። ያ አጥንቱ የሚቆጠር ሰው ከእምብርቱ በታች የእርጉዝ ሆድ ነበረው። ክብ፣ የተወጠረ፣ ጠጣር። እጢ ነው፣ አለቀልን አልኩ። ባጃጅ ጠርተን ሆስፒታል ወሰድነው።

የተረኛው ሐኪም ወጣት ነው። ሆዱን ቀስ ብሎ በጣቱ መታ መታ አደረገና «አባት፣ ሽንት ይሸናሉ?» አለ።

ቀድሜ መለስኩ። «እሱስ እንዲያውም ያመልጠዋል፤ ሌት ተቀን ይፈሰዋል።»

«ይኼ ያበጠው ሽንት ነው።»

«አይደለም ዶክተር፣ ይፈሰዋል እያልኩህ!»

«ፊኛው ሞልቶ የተረፈው ነው የሚፈሰው። እንስራ ሞልቶ ሲገነፍል እንደማለት። መውጫው ተዘግቷል።»

መጋረጃውን ጋረዱና ቱቦ አስገቡለት። ወዳጁ እጁን ይዞት ከውስጥ ቀረ፤ እኔ ከውጭ ቆምኩ። ስጠራ አልጋው ሥር የተንጠለጠለው ከረጢት ጢም ብሎ ሞልቷል። ነርሷ ደፍታ መልሳ አንጠለጠለችው። እያየሁት እንደገና ከግማሹ አለፈ። ያ ሁሉ ከአንድ ሰው ሆድ! አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ እንባው በጆሮው ላይ ይወርዳል። እኔ ማልቀስም አልቻልኩ።

የደም ምርመራው ሲመጣ ሌላ ድንጋጤ ተከተለ። ኩላሊቱ ተጎድቷል። ሐኪሙ አስረዳን፤ በወንዶች ፊኛ ሥር ያለችው ፕሮስቴት የምትባል እጢ በዕድሜ አድጋ መውጫውን አጥብባዋለች፤ መውጫ ያጣው ሽንት ወደ ኋላ ኩላሊቱን ሲጫን ቆይቷል። ምግብ ያስጠላውም፣ እንቅልፍ ያበዛበትም እሱ ነው።

«ውሃ እከለክለው ነበር» አልኩ።

«ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል» አለ ሐኪሙ። «ሁለተኛ ግን እንዳያደርጉት።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ። «ለመጀመር ይዘገይብዎት ነበር? ይቀጥናል? ጨረስኩ ብለው ሲወጡ መልሶ ይመጣል?»

«ሁለት ዓመት ሆነኝ» አለ አባቴ።

ሁለት ዓመት! «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ለሴት ልጄ ምን ብዬ? ለሶላት ብታጠብ ውዱዬ አይጸናም፣ ጠብ ጠብ እያለ ያስቸግረኛል ብዬ?»

«ለእሱስ?» ብዬ ወዳጁን ሳይ፣ ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። «እኔም እንደሱ ነኝ» አለ። «ሽንት ቤት ገብቼ እቆማለሁ። እቆማለሁ፣ አይመጣም። እሱ ስቆ ያወራል፣ እኔ ስቄ አወራለሁ።»

ዓመታት ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ለአንዱ አልተናገረም። ሐኪሙ ካርድ አስወጥቶ በዚያው ቀን እሱንም አየው። የእሱ ገና ጅማሬው ነው፤ ክኒን ታዘዘለት፣ ክትትልም ተጀመረለት።

አባቴ አስራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛ። የኩላሊቱ ነገር ቀስ በቀስ ተሻሻለ እንጂ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ቱቦውን እንደያዘ ወደ ቤት ሊመለስ ሲል ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ አስጠነቀቀኝ። «ከረጢቱ ውስጥ ሽንት መውረድ ካቆመ፣ ደም ካዩ፣ ወይ ብርድ ብርድ ብሎት ካተኮሰው ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ወዲያውኑ ያምጡት።»

በሦስተኛው ሳምንት አንቀጠቀጠው። አንድ ጎረቤት «ወባ ነው፣ ከፋርማሲ ክኒን ግዥለት» አለችኝ። አንድ ጎኑን ይዞ ሲያቃስት ሳየው ግን አልጠበቅሁም። ደሙንም ሽንቱንም አስመረመርኩ። ወባ የለም፤ ኢንፌክሽኑ ኩላሊቱ ድረስ ወጥቷል። በመርፌ መድኃኒት ዳነ። አንድ ሁለት ቀን ብትቆዩ ወደ ደሙ ይገባ ነበር አሉን።

በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ቱቦው ወጣ። ዛሬም በየሦስት ወሩ ደሙን ይሰጣል፤ ጨው ቀንሷል። ከሁሉ የገረመኝ ግን አንደበቱ ነው። ያ ለእኔ መናገር ያፈረ ሰው በቀደም ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ሽማግሌዎች መሃል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እናንተ፣ ሽንታችሁ እንዴት ነው?» ሲል ሰማሁት። ሴቶቹ ወደ መሬት አቀረቀሩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን ወንበሩን ወደ እሱ አስጠጋ።