«ሰምታሻለች፤ አትድገሚላት»

አጎቴ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሰው የሚያመላልሱባትን የሞተር ጀልባ መሪ ካስረከቡኝ በኋላ፣ እሳቸው የኋላው ወንበር ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይቀመጡ ነበር። የምንሄድበትን አያዩም። ጀልባዋ ውኃው ላይ ትታው የምትሄደውን ነጭ የአረፋ መስመር ብቻ እያዩ እጄ ምን እንደሠራ ያውቁ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከዘጌ ስንመለስ ነፋስ ተነሣ። የጀልባዋ ፊት ወደ ግራ ሲሸሽብኝ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝሁ። ቶሎ አልመለስ ስትለኝ ደገምሁ፤ ያን ጊዜ ከልክ አልፋ ወደ ቀኝ ተወረወረች። ወደ ግራ መለስኋት፤ በዚያም አለፈች። ተሳፋሪዎቹ ጮኹ።

«ጋሼ፣ ይምጡና ይያዙልኝ» አልኋቸው።

ዘወር እንኳ አላሉም። «ትንሽ ብቻ አዙሪና ተያት። ሰምታሻለች፣ ልጄ፤ አትድገሚላት» አሉኝ።

ትንሽ አዙሬ እጄን ገታሁ። ጀልባዋ ቀስ ብላ ተመለሰች። ሌላ ሰው ቢሆን መሪውን ይነጥቀኝ ነበር። ያን ሁሉ ሰው አሳፍረው በእኔ እጅ መታመናቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አጎቴን ከቀበርናቸው ወዲህ ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዘጌ ተነሣሁ። ነፋሱ እንደ ልማዱ ሲገፋን ትንሽ አዙሬ ጠበቅሁ። ከዚያ እንደ ወትሮዬ «እንዴት ነው፣ ጋሼ?» ልላቸው ዞር አልሁ። ተሳፋሪዎቹ አክብረው የጋሼን ወንበር ባዶ ትተውታል። ሁልጊዜ እሳቸው በጀርባቸው ይጋርዱብኝ የነበረው ነጭ መስመር እስከ ባሕር ዳር ድረስ ቀጥ ብሎ ታየኝ።