ባትሪው ደህና ነው

የሰፈራችን ሰው ልቤን የሚያስመታውን መሣሪያ «ባትሪ» ነው የሚለው። በልጅነቴ የልቤ ምት እየዘገየ ራሴን ስስት ሐኪሞች ከአንገት አጥንቴ ሥር ቀበሩልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ስሜን የሚያስታውስ የለም፣ ባለባትሪዋ ነኝ። ቃሉን እጠላዋለሁ። ሰውን እንደ ሬዲዮ ያስቆጥራል፤ ባትሪው ካለ መጮህ አለበት።

ሃያዎቹን ስጀምር ከኤረር በር እስከ እናቴ የበርበሬ መደብ ያለው ዳገት ያቅተኝ ጀመር። እግሬ ያብጣል፣ ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኛል። አጠገባችን እህል የሚሸጡት ሽማግሌ «ወላሂ፣ ባትሪው አልቆ ነው» አሉ። እናቴም አመነች። ሐኪም ቤት መሣሪያውን የሚፈትሸው ባለሙያ ግን ባትሪው ገና ብዙ ዓመት እንደሚሠራ ነገረን። ልቤን ማንም አላየልኝም።

ከዚያ በኋላ እናቴ አላዘነችልኝም። «ባትሪሽ ሙሉ ነው ተብሏል፣ ስንፍና ነው» እያለች በገበያተኛ ፊት ጆንያ ታሸክመኛለች። መንገድ ላይ ቆሜ ሳርፍ ጥላኝ ታልፍና ከላይ ሆና ትገላምጠኛለች። ጠላኋት። ይህን ላሳምረው አልሞክርም፤ አንጀቴ እስኪያር ድረስ ጠላኋት።

እግሬ ጫማ አልገባ ሲል ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ልቤን በአልትራሳውንድ አየው።

«እናት፣ መሣሪያው የሚቀሰቅሰው የልቧን ቀኝ ጎን ነው» አላት። «ግራው ዘግይቶ ይከተላል። ለዓመታት እንዲህ ሲመታ ልቧ ሰፍቶ ደክሟል። ሁሉም ላይ አይደርስም፣ እሷ ላይ ደርሷል።»

ከመሣሪያው ወደ ልቤ ግራ ጎን ሌላ ሽቦ ተጨምሮ ሁለቱም ጎኖች አብረው ከመቱ ልቤ ሊያገግም እንደሚችል፣ ከዘገየን ግን እንደሚያሰጋኝ ነገረን። ለዚህ አዲስ አበባ እንድንሄድ ላከን።

«ባትሪው ደህና ነው አልተባለም እንዴ?» አለች እናቴ።

«ባትሪውማ ደህና ነው።»

«እና እስከ ዛሬ እውነቷን ነበር?»

ሐኪሙ አልገባውም። እኔ ገብቶኛል።

ከሐኪሙ ስንመለስ ሸዋ በር ላይ ከመኪና ወርደን እንደ ወትሮው ዛላ በርበሬ ገዛች። ጆንያውን አነሳሁት።

«ተዪው፣ እኔ ልያዘው» አለች ቀስ ብላ፣ እጇን ዘርግታ።

«ባትሪዬ ሙሉ ነው» አልኳትና ቀድሜያት ተራመድኩ።

ጥቂት እንደሄድኩ ትንፋሼ አጥሮ ቆምኩ። እሷም ከኋላዬ ቆመች። ጥላኝ አላለፈችም።