የዘይነባ ነጭ ጨርቅ

ዛሬ ውጫሌ ገበያ የድሮ የክፍል ጓደኛዬን ዘይነባን አገኘኋት። እጄን ይዛ ከሰላምታ በፊት ጥፍሬን አየችው። በዚህ ዕድሜዬም የድሮው ቅናቴ ተቀሰቀሰብኝ።

በደርግ ጊዜ ሐይቅ ከተማ ስንማር የጽዳት ተቆጣጣሪያችን እሷ ነበረች። ክንዷ ላይ ነጭ ጨርቅ አስራ ጠዋት ሰልፍ ላይ የሁላችንን ጥፍር ታያለች፤ የመምህራኑን ሳይቀር።

ከክፍል አንደኛ የምወጣው ግን እኔ ነበርኩ። ያ ጨርቅ አንገበገበኝ።

አንድ ቀን "የራሷ ጥፍር ጭቃ ነው" ብዬ ለመምህሩ አሳበቅሁ። እውነትም ጭቃ ነበር። ጨርቁን ለእኔ ሰጡኝ።

በማግስቱ የትምህርት ቤቱ የእጅ መታጠቢያ በርሜል ባዶውን ቆመ። ለካ በየማለዳው ከጭቃማው የሐይቁ ዳር እየቀዳች የምትሞላው እሷ ኖራለች።

ዛሬ ጥፍሬን አይታ "ማሻአላህ፣ እንደ ድሮው ንጹህ ነው" አለችኝ።

እናንተስ በማን ቀንታችሁ ምን አበላሻችሁ?